ለወጥ ቤታችን ውበት ሳንባውን የሚከፍለው ማን ነው?

ቤት እየጨረሰ ያለ ሰው ለወጥ ቤቱ ድንጋይ ፍለጋ ወደ ፊኒሺንግ ዕቃ መሸጫዎች ጎራ ሲል ሁለት ዓይነት “እምነበረድ” ይቀርብለታል። አንዱ ከተራራ ተቆርጦ የመጣው ነው። ሌላው ደግሞ ከፋብሪካ የወጣው፣ ሻጮች “ኳርትዝ” ወይም “አርቲፊሻል እምነበረድ” የሚሉት ነው። ለዓይን እምብዛም አይለያዩም። ለሚቆርጣቸው ሠራተኛ ግን ልዩነታቸው የሞትና የሕይወት ሊሆን ይችላል።

በእርግጥ ገዢው የፋብሪካውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። የተፈጥሮ እምነበረድ በዋናነት ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ ሎሚና ኮምጣጤ ሲነካው ወዙ ይጠፋል፤ ዘይትና እርድም ይመጥጣል። የፋብሪካው ድንጋይ የሚሠራው ግን ከተፈጨ ኳርትዝ ነው። ዘጠና በመቶ ገደማ የሚሆነው ኳርትዝ ከፕላስቲክ ሙጫና ከቀለም ጋር ተደባልቆ፣ አየሩ ተመጥጦ፣ ተጨምቆና በሙቀት ደርቆ ይወጣል። ሎሚ አይበላውም፣ ወጥ ቢፈስበት በቀላሉ ይጠረጋል። ድክመቱ ሙቀት ነው። ከምድጃ የወረደ ድስት ቢቀመጥበት ሙጫው ሊበላሽ ይችላል።

ችግሩ ታዲያ የት ነው? ወጥ ቤት ውስጥ አይደለም። ተገጥሞ ያለቀ ድንጋይ ለቤተሰቡ አደጋ የለውም። ችግሩ ያለው ድንጋዩ በሚቆረጥበትና በሚሞረድበት ወርክሾፕ ነው። በእምነበረድ ውስጥ ያለው ሲሊካ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 በመቶ በታች ሲሆን፣ በፋብሪካው ድንጋይ ግን ከ90 በመቶ ሊበልጥ ይችላል። በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሳው፣ ዓይን የማያየው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጠባሳ ይፈጥራል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ መድኃኒት የለውም። ይኸው ብናኝ ለሳንባ ካንሰር እንደሚዳርግም የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1997 አረጋግጧል።

ይህ ግምት አይደለም። በእስራኤል የሚገኙ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2010 ድረስ በዚሁ ሥራ የታመሙ 25 ሰዎችን መዝግበው ውጤቱን በ2012 አሳትመዋል፤ ከታማሚዎቹ መካከል የሳንባ ንቅለ ተከላ እስከ ማድረግ የደረሱ ነበሩ። በካሊፎርኒያ በሽታው የተገኘባቸው ሠራተኞች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከላቲን አሜሪካ የሄዱ ስደተኞች ናቸው። ድሮ በማዕድን ሠራተኞች ላይ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ የሚታየው በሽታ፣ አሁን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ወጣቶችን እየጣለ ነው።

አውስትራሊያ የወሰደችው እርምጃ ትምህርት ይሰጣል። የብናኝ መቆጣጠሪያ ደንብ ነበራት፤ ትንንሽ ወርክሾፖች ግን አላከበሩትም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን ድንጋይ ማምረት፣ መሸጥና መግጠም ከልክላለች። ካሊፎርኒያ በበኩሏ ሳትከለክል ጥብቅ ደንብ ማውጣትን መርጣለች።

እኛስ? በየሰፈሩ ግራይንደር ይዞ፣ አፉን በሻርፕ ሸፍኖ፣ በነጭ አቧራ ተውጦ ድንጋይ የሚቆርጥ ወጣት ማየት ብርቅ አይደለም። ሻርፕ ደግሞ ይህን ብናኝ አያግደውም። ከዚህም የሚብሰው ሌላ ነገር አለ። ሲሊኮሲስ ቲቢ ይመስላል፤ ሲሊካ የጎዳው ሳንባም ለቲቢ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ቲቢ በስፋት ከሚታይባቸው አገሮች አንዷ በሆነችው ኢትዮጵያ፣ የሚያስል ወጣት ጤና ጣቢያ ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው። “ሥራህ ምንድን ነው?” የሚለው ካልተጠየቀ በሽታው ስሙን ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ “እኛ አገር ይህ በሽታ አልታየም” ማለት “አልተፈለገም” ማለት ሊሆን ይችላል።

መፍትሔው ሁሉ እገዳ አይደለም፤ በአነስተኛ ወጪ የሚጀመር ሥራ አለ። አንደኛ፣ ከውጭ የሚገባ ማንኛውም ሰው ሠራሽ ድንጋይ የሲሊካ መጠኑ ተጽፎበት ይግባ። ሁለተኛ፣ በደረቁ መቁረጥ ይቅር። ውኃ እያፈሰሱ መቁረጥ ብናኙን በብዙ ይቀንሳል፤ ብቻውን ስለማይበቃ ግን ትክክለኛው ጭምብል ይጨመርበት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ የጎደለው ወርክሾፕ ድረስ ወርዶ የሚያይ ተቆጣጣሪ ነው። ሦስተኛ፣ የቲቢ ክሊኒኮች የታካሚውን ሥራ ይጠይቁ፣ ይመዝግቡም።

አማራጭም አልጠፋም። ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ትግራይ የራሳችን እምነበረድ አላቸው። ሲሊካ የሌለው አክሪሊክ ገጽታም በዓለም ገበያ አለ። ሙጫ የሌለውን የፖርስሊን ሰሌዳም አውስትራሊያ ከእገዳው ውጭ አድርጋዋለች። ግራናይትና ፖርስሊን ግን ሲሊካ ስላላቸው እነሱም በደረቁ አይቆረጡ።

ገዢም ድርሻ አለው። ዋጋ ሲደራደር “ድንጋዩ ስንት በመቶ ሲሊካ አለው? በውኃ ነው የምትቆርጡት?” ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍለውም። ገበያው ደግሞ የሚሰማው የገዢን ጥያቄ ነው። ሌሎች አገሮች ይህን የተማሩት ወጣቶቻቸውን ከቀበሩ በኋላ ነው። እኛ ግን ሳይቃጠል በቅጠል ለማለት አሁንም ጊዜ አለን።