የሽማግሎች እግርና አሳብ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አያያዝ ብዙ ጊዜ ተናግረናል፤ ዛሬ ደግሞ ስለ ወላጆቻችን ጥቂት እንነጋገር።

አባት በአዳራሽ ሲያልፉ ልጃቸው አንድ ነገር ቢጠይቃቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ መልሱን ከሰጡም በኋላ መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ሳይቆሙ ሊመልሱ የሞከሩ እንደ ሆነ ይሰናከላሉ። ቤተ ሰቡም «ጉልበታቸው ደከመ» ብሎ ምርኩዝ ያቀርባል። የደከመው ግን ጉልበት ብቻ ላይሆን ይችላል። መራመድ አሳብን የሚጠይቅ ሥራ ነውና፥ ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ ወይም የማስታወስ መድከም ያገኘው ሰው ባንድ ጊዜ ለእግሩም ለነገሩም የሚበቃ አሳብ ያጥረዋል።

ይህንን ያስተዋሉ የቤልጅግ፥ የእስራኤል፥ የኢጣልያ፥ የሆላንድና የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት በኅብረት ያደረጉት ምርመራ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2016 ዓመት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 90 ዓመት የሆነ፥ መውደቅ የሚደጋገምባቸው 302 ሰዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። እነዚያ ትሬድሚል በሚባለው፥ ከእግር በታች ምንጣፉ በሚሽከረከር መሣሪያ ላይ እንዲሁ ተራመዱ። እነዚህ ግን በዚያው መሣሪያ ላይ ሲራመዱ ከፊታቸው በመጋረጃ ላይ መንገድ ይታያቸው ነበር፤ የገዛ እግራቸውንም እርምጃ ካሜራ እየተከተለ በዚያ መንገድ ላይ ያሳያቸዋል። እንቅፋት ይመጣል፥ መንገዱ ይለያያል፥ ዓይንን የሚስብ ነገር ያልፋል፤ ተራማጁም እግሩን መቼ እንዲያነሣና በየት እንዲያልፍ መምረጥ አለበት። የሌለውን እንዳለ አድርጎ የሚያሳየው ይህ ጥበብ ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይባላል። ልምምዱ በሳምንት 3 ጊዜ፥ በየጊዜው 45 ደቂቃ ያህል ሆኖ 6 ሳምንት ቈየ።

መንገዱን እያዩ የተለማመዱት ሰዎች ቀድሞ በ6 ወር ውስጥ በአማካይ 12 ጊዜ ያህል ይወድቁ ነበር፤ ከልምምዱ በኋላ ባሉት 6 ወሮች ግን ቍጥሩ ወደ 6 ወረደ። እንዲሁ የተራመዱት ከ11 ያህል ወደ 8 ያህል ብቻ ወረዱ። የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ ከአልጋ የዋለ ሽማግሌ ያስታመመ ሰው ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደ ሆነ ያውቀዋል።

መሣሪያው ግን በሽታውን አላዳነም፤ ልምምዱም የተደረገው አሠልጣኝ በአጠገብ ቆሞ ነው። ዛሬ ዓይንን ጭምር የሚሸፍን መነጽር በገበያ ይሸጣልና፥ ይህንኑ ገዝቶ በአባቱ ራስ ላይ ለማሰር የሚቸኩል ልጅ አይታጣም። መነጽሩ ወለሉን ይሰውራል፥ አንዳንዱንም ራስ ያዞራል፤ እኛስ ያለ ሐኪም ፈቃድ ባይሞከር እንመርጣለን።

እስከዚያው ድረስ ጫፉ የተነሣውን ምንጣፍ ከመተላለፊያው ማንሣት፥ ሌሊትም መብራት መተው ለማንም አይከብድም። የሚጠየቅም ነገር ካለ አባት እስኪቀመጡ ይቈይ።