ከጓዳ ይውጡ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ኦቲዝም በኪኒን የሚድን በሽታ አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ ከሰው ጋር አብሮ የሚያድግ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። ቢሆንም ተረቱ ለጉዳያችን ይስማማል። ምክንያቱም ባገራችን ይህ ሁኔታ ያለባቸው ብዙ ልጆች እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ እንዲገቡ ይደረጋሉ። ስለ ተደበቀ ልጅ ደግሞ የሚመክር ጎረቤት፣ የሚጠይቅ መምህር፣ የሚቆጥር መንግሥት አይገኝም።

ለመሆኑ ኦቲዝም ምንድን ነው? ልጁ ስሙ ሲጠራ ዘወር አይል ይሆናል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት ይከብደዋል፤ አፉን ሳይፈታ ይዘገያል፣ ወይም የሰማውን ቃል ብቻ መልሶ መላልሶ ይናገራል። ነገር ሁሉ እንደ ትናንቱ እንዲሆን ይፈልጋል፤ የገበያ ጫጫታ ያሠቃየዋል። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ዕድሜውን ሙሉ ቃል የማይወጣው አለ፤ ዩኒቨርስቲ ገብቶ በመማሪያ ክፍላችን ከጎናችን የሚቀመጥም አለ። በጥናት እንደ ታወቀው ከምክንያቶቹ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የዘር ውርስ ነው። እርግማን አይደለም፤ የወላጅ ኃጢአት አይደለም፤ የክትባት ውጤትም አይደለም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህ ሁሉ የሕዝባችን ኋላ ቀርነት ነው» ብለው ሊቸኩሉ ይችላሉ። አይቸኩሉ። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ የ11 ልጆችን ጠባይ መርምሮ ጽሑፉን ካወጣ በኋላ፣ ብዙ የተማሩ ሰዎች ጥፋቱን የጣሉት በእናቶች ላይ ነበር። እናቲቱ ለልጇ ፍቅር ስለ ነፈገች ልጁ ተዘጋ ይሉ ነበር። ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አሳብ በሰፊው አሠራጨው፤ በኋላም ፍጹም ስሕተት መሆኑ ተረጋገጠ። እንግዲህ አጉል እምነት የባላገር ብቻ ሀብት አይደለም፤ ካባ ለብሶ ከዩኒቨርስቲም ይወጣል። እዚያ እናቲቱን «ፍቅር የለሽም» አሏት፤ እዚህ «ምን በድለሽ ነው?» ይሏታል። በሁለቱም አገር ሸክሙ የወደቀው በአንዲት ሴት ጫንቃ ላይ ነው።

በሁለቱም አገር መንገዱን የጠረጉት ወላጆች ናቸው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1962 ማኅበር ያቋቋሙት ወላጆች ነበሩ። ባገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው፣ ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱ፤ ጆይ የተባለውንም የኦቲዝም ማዕከል በአዲስ አበባ ከፈቱ። በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተው ነበር። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ጉዳዩን በአደባባይ ከመናገር አልተቆጠቡም። ነህምያ የተባለውም ማዕከል እንዲሁ ከወላጆች ጥረት የተወለደ ነው።

ምስጋናችን ከልብ ነው። ነገር ግን ሁለቱም ማዕከሎች ያሉት አዲስ አበባ ነው። ጌዶ ከአምቦና ከጉደር አልፎ በነቀምት መንገድ ላይ ከአዲስ አበባ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። የጌዶ ገበሬ ልጁን ይዞ በየሳምንቱ በአውቶቡስ ሊመላለስ ነውን? እርሻውን ለማን ትቶ? በምን ገንዘብ?

ወላጆች የሚፈልጉት ምን እንደ ሆነ ተጠይቀው ተናግረዋል። በአዲስ አበባ በሁለት ሆስፒታሎች ክሊኒኮች 102 አሳዳጊዎች ተጠይቀው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሞ ነበር። ከመቶ 45 ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው፣ ከሩብ የሚበልጡትም ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ገለጹ። ምን ጎደላችሁ ሲባሉ ግን ከአራቱ ሦስቱ ያህል የጠቀሱት ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ነው። እነዚህ ሰዎች ሆስፒታል ድረስ የመጡ ናቸው። ሆስፒታል ያልደረሰው የምዕራብ ሸዋ ወላጅ ኀፍረቱ ያነሰ ነው የምንልበት ምክንያት የለንም።

«ውሃና መድኃኒት ላጣ ሕዝብ ይህ የሀብታም አገር ጭንቀት ነው» የሚሉም አይጠፉም። በበኩላችን አሳቡን አንቀበለውም። አንደኛ፣ ልጁ አገር እስኪለማ ድረስ ልጅ ሆኖ አይቆይም። ሁለተኛ፣ የሚያስፈልገው ሁሉ ውድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና በአገራችን ተሞክሯል፤ ዘጠኝ የጋራ ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች ያሉት ሲሆን፣ የሚሰጡትም ልዩ ሐኪሞች ያልሆኑ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ከልጁ ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ፣ ያለ ንግግር የሚፈልገውን እንዴት እንደሚረዱለት፣ ሲረበሽ እንዴት እንደሚያረጋጉት ያስተምራል። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች፣ መምህር አለ፣ እድር አለ። አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላለች፤ ትምህርት ለእነዚህ ልጆች ችሮታ ሳይሆን መብት ነው።

የጎደለው አንድ ትልቅ ነገር ግን ቋንቋ ነው። ስለ ኦቲዝም የተጻፈው አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥቂቱም ባማርኛ። በጌዶ ልጁ አፉን የሚፈታው በኦሮምኛ ነው፤ ትምህርት ቤትም የሚቆጥረው ቁቤ ነው። በፊደል ድምፅ የተሠራ ዘዴ እንዳለ ተነሥቶ ጌዶ ላይ አይተከልም፤ እንደ ገና በአገሩ ቋንቋ መሠራት አለበት። ንግግር ለቸገረው ልጅ በማያውቀው ቋንቋ ማስተማር በሸክም ላይ ሸክም መጨመር ነው። ይህን ሥራ ከሐኪሞች ብቻ አንጠብቅ። የቋንቋ ተማሪዎች እኛ ነን።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርስቲ አገልግሎት ተማሪዎችን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር፤ ብዙዎቹም በመምህርነት ሠርተዋል። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው አንድ ዓመት አይደለም፤ አንድ ክረምት ብቻ ነው። ስለዚህ ለኅብረታችን የሚከተለውን እናቀርባለን፤

1ኛ. ከሕክምናና ከሥነ ልቡና ትምህርት ክፍሎች ጋር ሆነን፣ የልጁን ምልክቶችና የወላጁን ድርሻ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ በኦሮምኛና ባማርኛ እናዘጋጅ፤ ማንበብ ለማይችሉም በቃል የሚነገር ይሁን።

2ኛ. ለክረምት ወደ ጌዶ፣ ወደ አምቦ፣ ወደ ጊንጪና ወደ ባኮ የምንሄድ ተማሪዎች ጽሑፉን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለመምህራን እናድርስ፤ በእድር ስብሰባም ለመናገር እናስፈቅድ።

3ኛ. ካህናትንና ሼኮችን ሳንንቅ እናነጋግር። ጸሎትንም ጸበልንም አንነቅፍም። የምንቃወመው ልጁ መታሰሩንና መመታቱን ነው። ይህን ከእኛ ይልቅ እነርሱ ቢናገሩት ይሰማል።

4ኛ. ወላጆች እርስ በርሳቸው እንዲተዋወቁ እንርዳ። ብቻዋን ናት ብላ የምታምን እናት ሌላዋን ስታገኝ የኀፍረቱ ግማሽ ያልቃል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው። እስከ ዛሬ ሃምሳውን ሎሚ የተሸከመችው አንዲት እናት ናት። እኛ በስብሰባችን ሁሉ ስለ ሕዝብ እንናገራለን። በጓዳ ያለውም ልጅ ሕዝብ ነው።