ፋርማሲ ለመማር ያሰበች ልጅ ክረምቱን የት ታሳልፍ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በዚህ ወር ዐምዳችን የምናነሳው ከሐዋሳ ከተማ፣ ከቡሹሎ የአንድ አባት ጥያቄ ነው። ሴት ልጃቸው በመጪው ዓመት 12ኛ ክፍል ትገባለች። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ፋርማሲ መማር እንደምትፈልግ ለቤተሰቡ ነግራለች። እናት ደስ ብሏቸዋል። አባት ግን ሐሳብ ገብቷቸዋል። ዩኒቨርሲቲው «የሥራ ልምድ አምጪ» ይላት ይሆን? ከተማ ውስጥ መድኃኒት መደብር ያለው ዘመዳቸው «ክረምቱን እኔ ጋ ቆማ ሽያጭ ትልመድ» ብሏቸዋል፤ ይስማሙ ወይስ ይቅርባቸው? ለቤታቸው የሚቀርበው የቡሹሎ ጤና ጣቢያ ደግሞ የካቶሊክ ሚሲዮን በመሆኑ ሂጃብ ለባሽ ልጃቸውን ወደዚያ መላኩ ከብዷቸዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አጭር ነው፤ አይጠይቅም። በአገራችን ተማሪ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው የሚገባው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ሲያልፍና ትምህርት ሚኒስቴር ሲመድበው ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት የሚሰጥበት ሆኗል፤ የትምህርት ክፍል የሚለየው ከዚያ በኋላ በውጤትና በምርጫ ነው። በእንግሊዝ አገር ብዙዎቹ የፋርማሲ ትምህርት ቤቶች አመልካቹን አስቀምጠው «ፋርማሲስት ሲሠራ አይተሃል? ምን ታዘብክ?» ብለው ይጠይቁታል። በአሜሪካም አመልካች የሠራባቸውን ቦታዎች በማመልከቻው ላይ ይመዘግባል። የእኛን ልጅ ግን ከምርጫው ቅጽ በፊት «ለምን ፋርማሲ?» ብሎ ፊት ለፊት የሚጠይቃት የለም።

እኛን የሚያሳስበንም ይኸው ነው። ጠያቂ ስለሌለ ተማሪው ራሱን ሳይጠይቅ ይሞላል። ጎረቤት «ፋርማሲ ገንዘብ አለው» ስላለ፣ ወይም ለሕክምና ነጥቡ ስላልደረሰ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ዓመት ያህል ትምህርት ነው፤ ኬሚስትሪው ብዙ ነው፤ በመጨረሻም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የሚቀመጥበት የመውጫ ፈተና አለ። በሦስተኛው ዓመት «ይህ ሥራ እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ» ማለት ለልጅም ለወላጅም ከባድ ነው። ስለዚህ ልጅዎ የሚያስፈልጋት ልምድ ለዩኒቨርሲቲው የሚታይ ወረቀት ሳይሆን ለራሷ የሚሆን ማወቅ ነው። ኢስቲኻራ እንሰግዳለን፤ ኢስቲኻራ የሚሰግድ ሰው ግን ስለ ጉዳዩ መጠየቅና መመካከርም አለበት። የክረምቱ ሁለት ወር ለዚህ ይበቃል።

ፋርማሲ ለብዙዎቻችን መስኮት ነው። ወረቀት እናስገባለን፣ ከረጢት እንቀበላለን፣ እንሄዳለን። ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለውን ያየ ጥቂት ነው። ልጅቱ ማየት ያለባት ይህንን ነው።

ለምሳሌ ማቀዝቀዣውን እንውሰድ። ክትባት፣ ኢንሱሊን፣ እንዲሁም ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈሳት ለእናት የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ መቀመጥ አለባቸው። ቴርሞሜትሩ ጠዋትና ማታ ይነበባል፣ ይመዘገባል። መብራት ጠፍቶ ኦክሲቶሲኑ ቢሞቅ ብልቃጡ አይለወጥም፣ ቀለሙም ያው ነው፤ ኃይሉ ግን ይደክማል። ይህ የሚታወቀው እናት ደም ሲፈሳት ነው። እንግዲህ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ቁጥር መጻፍ አሰልቺ የሚመስለው ሰው አለ፤ የዚያች እናት ነፍስ የሚታየውም ሰው አለ። ልጅዎ ከሁለቱ የትኛዋ እንደሆነች ከመጽሐፍ አታውቀውም።

መደርደሪያውም እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ጊዜው የሚያልፍበት መድኃኒት ፊት ይቀመጣል፤ አዲስ የገባው ከኋላ ይሆናል። በእያንዳንዱ መድኃኒት አጠገብ ቢን ካርድ ይንጠለጠላል፤ የገባው፣ የወጣውና የቀረው ይጻፍበታል። በካርዱ ላይ 240 ተብሎ መደርደሪያው ላይ 220 ከተገኘ፣ 20ው የት ሄደ? ይህ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የአማና ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ቡሹሎው ጤና ጣቢያ እንምጣ። ወንድማችን ምናልባት አያውቁት ይሆናል እንጂ፣ በደጃቸው ያለው ይህ ጤና ጣቢያ ስሙ ከአገር ውጭ የደረሰ ነው። ስለ ሳንባ ነቀርሳ ምርመራ በኢትዮጵያ፣ በኔፓል፣ በናይጄሪያና በየመን የተደረገና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ነበር፤ የኢትዮጵያው ክፍል የተካሄደው ቡሹሎ ነው። የጥናቱ ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ድሃው በሽተኛ አክታ ለመስጠት ዛሬም ነገም ከሚመላለስ፣ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ቢሰጥስ? ምርመራው በዚህ እንደማይጓደል ታየ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅትም የአንድ ቀኑን አሠራር ተቀበለ። ከገጠር በእግሩ ለሚመጣ ሰው የአንድ ቀን መንገድ መቅረቱ ምን ማለት እንደሆነ የቡሹሎ ሰው ያውቀዋል።

የነቀርሳ ሕክምና ስድስት ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለት ዓይነት ይወሰዳል። ከነዚህ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን የሚባለው፣ ሽንትን ብርቱካንማ ያደርጋል፤ ላብንና እንባንም ጭምር። መድኃኒቱን የሚሰጠው ሰው ይህን አስቀድሞ ካልነገረው፣ በሽተኛው «ደም ሸናሁ» ብሎ ይደነግጣል፣ መድኃኒቱንም ይጥላል። ካቋረጠ በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ሊመለስ ይችላል። እንግዲህ እዚህ ላይ ሰውየውን ያዳነው ክኒኑ ነው ወይስ የሰጪው አንድ ዓረፍተ ነገር? ያንን ዓረፍተ ነገር ለሲዳማዪቱ እናት በሲዳሙ አፎ መናገር የምትችል የቡሹሎ ልጅ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ተማሪ የሌለው ሀብት አላት። ይህንን ልጅቱ ራሷ ልብ ያለችው አይመስለንም።

ሚሲዮን መሆኑን በተመለከተ፣ የአባትን ጭንቀት አናቃልልም። ነገር ግን ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲሰደዱ መንገድ እንዲመራቸው የቀጠሩት ሰው ሙስሊም እንዳልነበረ ቡኻሪ ዘግቦታል። ሥራውን ያውቅ ነበር፤ ታማኝም ነበር። ዑለማእ ከዚህ ተነስተው ሙያን ከሚያውቀውና ከሚታመን ሰው መቀበል እንደሚቻል ተናግረዋል። ልጅዎ ወደዚያ የምትሄደው ሥራ ለማየት ነው። ስለ አለባበሷና ስለ ሰላት ሰዓቷ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ሄደው በግልጽ ይነጋገሩ። በአገራችን ሆስፒታሎች ሂጃባቸውን ለብሰው መድኃኒት የሚያድሉ እህቶች ብርቅ አይደሉም። በመዲናም ሩፈይዳ አል-አስለሚያ በመስጂዱ በተተከለው ድንኳኗ ቁስለኞችን ታክም እንደነበር እናውቃለን። ይህም ባይሆን ሐዋሳ ውስጥ የአዳሬ ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አሉ።

የዘመድዎን መደብር ነገር ግን በጥንቃቄ እናየዋለን። ዘመድዎን ለማስቀየም አይደለም፤ በቅንነት እንዳሰቡ አንጠራጠርም። ግን «ትቁምና ሽያጭ ትልመድ» የሚለው ቃል አስፈርቶናል። መድኃኒት ማደል ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው፤ ሕጉ እንዲህ ነው። ሸሪዓውም ቀድሞ ብሎታል፤ ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለጉዳቱ ተጠያቂ መሆኑን የሚገልጽ ሐዲስ አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብኑ ማጃህ ዘግበዋል። በጥንት ሙስሊም ከተሞች ሙሕተሲቡ ገበያውን ሲቆጣጠር ከሚፈትሻቸው ሱቆች መካከል የመድኃኒት ቀማሚዎች ሱቅ ይገኝ ነበር፤ በሒስባ ላይ በተጻፉ ኪታቦችም ለብቻቸው ምዕራፍ ተሰጥቷቸዋል።

በየከተማው የምናየው ግን ሌላ ነው። ባለሙያው ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሄዷል፤ ባንኮኒው ላይ የቆመው የአጎት ልጅ ነው። ሰው «ጉሮሮዬን አመመኝ» ይላል፤ ያለ ማዘዣ አራት ፍሬ አሞክሲሲሊን ተቆርጦ ይሰጠዋል። ነገ ይህ ሰው እውነተኛ ሕመም ሲመጣበት መድኃኒቱ እምቢ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት እንደሆኑ ተገምቷል። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በክረምት ይህንን ከለመደች ዩኒቨርሲቲ ገብታ ልምዱን ለማስተው ዓመታት ይፈጃል። በዘመድዎ መደብር ባለሙያው ራሱ ቀኑን ሙሉ የሚገኝ ከሆነ አጠገቡ ተቀምጣ ትመልከት፣ መደርደሪያ ትጥረግ፣ ቀን ያለፈበትን ለይታ ታሳየው። ለሰው መድኃኒት አንስታ እንዳትሰጥ ግን ከዘመድዎ ጋር ቃል ይግቡ።

ሌላም ጭንቅ አለ። ቡሹሎ ሰው የሚተዋወቅበት ሰፈር ነው። ልጅቱ ከመስኮቱ ጀርባ ቆማ ጎረቤቷ ምን መድኃኒት እንደወሰደች ልታይ ነው። የኤች አይ ቪ ሊሆን ይችላል፣ የነቀርሳ ሊሆን ይችላል፣ የወሊድ መከላከያ ሊሆን ይችላል። ማታ እቤት ስትገባ እናቷ «ዛሬ ማን መጣ?» ብለው ቢጠይቋት ምን ትመልሳለች? የሙስሊምን ነውር መሸፈን ስንሰማው ያደግነው ትምህርት ነው፤ እዚህ ግን የሰው ትዳርና እንጀራ የሚያፈርስ ወይም የሚያቆም ነገር ይሆናል። እናትና አባትም እንዳይጠይቋት እናሳስባለን። ጤና ጣቢያው በዚህ ምክንያት «ከመስኮቱ ራቂ፣ መጋዘን ውስጥ እርጂ» ቢላት አትከፋ። ልክ ናቸው።

እዚያ እያለች ደብተር ትያዝ፤ የሰው ስም አትጻፍበት። የመድኃኒቱን ስም፣ ለምን እንደሚሰጥና እንዴት እንደሚቀመጥ ትጻፍ። ስሌትም ትለማመድ። 12 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ለአንድ ጊዜ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ታዘዘለት እንበል። ይህ 180 ሚሊ ግራም ነው። ሽሮፑ በየ5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊ ግራም ካለው 7.5 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ከዚያ ቤቷ ሄዳ ያሉትን ማንኪያዎች ሁሉ በመለኪያ ትለካቸው፤ እኩል የሚይዙ ሁለት ብታገኝ ይገርመናል። ይህ ለልምምድ ነው እንጂ ማንም ለልጁ መጠን ከመጽሔት እንዳይወስድ።

በዚህ መንገድ መማር አዲስ ነገር አይደለም። በማላጋ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1248 በደማስቆ የሞተው ኢብኑል በይጣር፣ ወደ 1400 የሚሆኑ መድኃኒቶችንና ምግቦችን የመዘገበ ሊቅ ነው። የጀመረው ግን በሴቪል ዙሪያ ከመምህሩ ከአቡል ዐባስ አን-ነባቲ ኋላ እየተከተለ ዕፅዋት በመልቀም ነው።

ረመዷን ሲመጣ ደግሞ ሙስሊም ፋርማሲስት ለኅብረተሰባችን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይታያል። ሐይቅ ዳር ያለ ሰው ወባን ያውቃል። ኮአርተም በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ወይም ከወተት ጋር። ጾመኛው «ሁሉንም ማታ ማታ እውጠዋለሁ» ቢል ሕክምናው ተበላሸ። የስኳር በሽተኛውም ኢንሱሊኑን በራሱ ሐሳብ ሲቀንስ ወይም ሲተው እናያለን። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲጾም ፈቅዶለታል። ይህንን ሲነግሩት ሰውየው የሚሰማው ሰዓቱንም ዲኑንም ከሚያውቅ ሰው ሲሆን ነው። ልጅዎ ሰፈሯ ውስጥ ከሚጾሙ ሕመምተኞች መካከል መድኃኒቱን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ያስተካከለ ስንት እንደሆነ ከሚቀርቧት ዘመዶች ትጠይቅ፤ ጥሩ ትምህርት ታገኝበታለች።

በክረምቱ መጨረሻ «አባዬ፣ ይህ ሥራ ለእኔ አይደለም» ካለች እንዳይቆጡ። ላቦራቶሪ፣ ነርስነት፣ ሚድዋይፍነት፣ መምህርነት አለ። በሁለት ወር የታወቀ ነገር በአምስት ዓመት ከሚታወቅ ይሻላል፤ የባከነም ገንዘብ የለም።

አሁን የሚያስፈልገው ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት የትብብር ደብዳቤ ማጻፍ ነው፤ ሐምሌ ከገባ ርዕሰ መምህሩንም ማኅተሙንም ማግኘት ይቸግራል። ደብዳቤው «ለመመልከት» ይበል፤ «ለመሥራት» አይበል። ወንድማችን፣ በመጀመሪያው ቀን አብረዋት ይሂዱና የመድኃኒት ክፍሉን ኃላፊ ሰላም ይበሉ። ጠዋት በሽተኛ የሚበዛበት ሰዓት ስለሆነ ከዙህር በኋላ መሄዱ ይሻላል።

ወቢላሂ ተውፊቅ።