የሙዚየም ቴክኖሎጂ አስተባባሪ ይሻል

ሙዚየም ለረጅም ዘመን ጎብኚው እጁን ወደኋላ አጣምሮ በመስታወት ውስጥ የተቀመጠውን ቅርስ የሚመለከትበት፣ ከሥሩ የተለጠፈችውን አጭር መግለጫ አንብቦ ወደሚቀጥለው የሚያልፍበት ሥፍራ ሆኖ ኖሯል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በዓለም ዙሪያ የሚገነቡና የሚታደሱ ሙዚየሞች ለጎብኚው የሚሆን ቴክኖሎጂ ማዘጋጀትን የዕቅዳቸው አካል አድርገውታል። የንክኪ ስክሪን፣ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ገለጻና የእጅ ስልክ መተግበሪያ በአዳራሹ ውስጥ ከቅርሱ ጎን ቦታ መያዝ ጀምረዋል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የሳይንስ ሙዚየም መስከረም 24 ቀን 2015 ዓ.ም፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ደግሞ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም በአዲስ አበባ ተመርቀዋል። እንዲህ ያለ ተቋም ሲመረቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሕንፃው ስፋትና ስለ መሣሪያው ዘመናዊነት ነው። ንድፍ አውጪውን፣ የሶፍትዌር ባለሙያውን፣ የታሪክ ተመራማሪውን፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውንና ትኬት ቆራጩን በአንድ ሥራ ላይ የሚያገናኛቸው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም ሲነሳ አይሰማም። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት የሙዚየም ቴክኖሎጂ የሚሳካውም የሚከሽፈውም በአመዛኙ እዚህ ላይ ነው። ለዚህም በኒውዮርክ ከተማ የተከናወነ አንድ ሥራ ጥሩ ማሳያ ይሆናል።

ኩፐር ሂዊት የተሰኘው የንድፍ ሙዚየም በስሚዝሶኒያን ተቋም ሥር የሚተዳደር ሲሆን፣ የሚገኘውም ባለጸጋው አንድሪው ካርኔጊ በአምስተኛው ጎዳና ላይ ለመኖሪያነት ባሠራው ባለ64 ክፍል ቤት ውስጥ ነው። ከጨርቃ ጨርቅና ከግድግዳ ወረቀት አንስቶ እስከ ቤት ዕቃ ድረስ ከ200 ሺህ የሚበልጡ የንድፍ ሥራዎችን ይዟል። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ለዕድሳት ከተዘጋ በኋላ ታኅሣሥ 12 ቀን 2014 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በድጋሚ ተከፍቷል። ለፕሮጀክቱ የወጣው ገንዘብም 91 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ከዕድሳቱ ጋር ከመጡት አዳዲስ ነገሮች ሁሉ ይበልጥ የተወራለት ለጎብኚው ከትኬቱ ጋር ይሰጥ የነበረው ብዕር ነው። ብዕር ይባል እንጂ ቀለም የለውም። ጎብኚው አንዱን ጫፍ ከአንድ ዕቃ መግለጫ ጋር ሲያስነካው ብዕሩ የዚያን ዕቃ መለያ በአጭር ርቀት የሬድዮ ሞገድ አንብቦ ይመዘግበዋል። በሌላው ጫፍ ደግሞ በአዳራሹ ውስጥ በተዘረጉት የንክኪ ጠረጴዛዎች ላይ ይሥላል፣ የሰበሰባቸውን ዕቃዎች አስፋፍቶ ይመለከታል። ብዕሩን መልሶ ሲወጣ በትኬቱ ላይ የታተመው የኢንተርኔት አድራሻ በእጁ ይቀራል። ቤቱ ገብቶ አድራሻውን ሲከፍት የመረጣቸውን ዕቃዎች ሁሉ በአንድ ላይ ያገኛቸዋል።

ይህች አነስተኛ መሣሪያ የብዙ ወገኖች የእጅ ሥራ ናት። ሃሳቡ የመነጨው ሎካል ፕሮጀክትስ የተባለው የሚዲያ ንድፍ ድርጅት ዲለር ስኮፊዲዮና ሬንፍሮ ከተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት ጋር ባካሄደው ሥራ ነበር። ለናሙና መነሻ የሆነው ሲስቴልኔትወርክስ የተሰኘ የስፔን ኩባንያ የሠራው መሣሪያ ሲሆን፣ ንድፉ ለፋብሪካ ምርት እንዲመች በማድረግ ረገድ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች እገዛ አድርገዋል። የገንዘብ ድጋፍ ያደረገው ደግሞ የብሉምበርግ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው።

ይህን ያህል ባለድርሻ ባለበት ሥራ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ መዘግየቱ የተለመደ ነው። ሰንሰለቱን ተከትሎ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ብዕሩ አንድን ዕቃ እንዲለይ በመግለጫው ውስጥ መለያ መቀመጥ አለበት። መለያው ትርጉም የሚኖረው የዕቃው ቁጥር በመረጃ ቋት ውስጥ ተመዝግቦ ከተገኘ ነው። ጎብኚው ቤቱ ሆኖ ፎቶግራፉን እንዲያይ ዕቃው ፎቶ መነሳት ይኖርበታል፤ ዕቃው ከሌላ ተቋም በውሰት የመጣ ከሆነም ምስሉን ለማሳየት ፈቃድ ያስፈልጋል። በመሆኑም የቅርስ መዝጋቢው ሥራ ወደኋላ ከቀረ የመሐንዲሱ ሥራ የቱንም ያህል ቢፈጥን ዋጋ አይኖረውም። ቀድሞ አንድ መግለጫ ከግድግዳ ላይ ቢነሳ ወይም ቢቀየር ጉዳዩ በአታሚውና በግድግዳው መካከል ያልቅ ነበር፤ ከብዕሩ በኋላ ግን መለያውንና የመረጃ ቋቱን የሚነካ ሥራ ሆነ።

ኩፐር ሂዊት ይህን ችግር ያቃለለበት መንገድ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል። በሴብ ቻን የሚመራው የሙዚየሙ የራሱ የዲጂታል ክፍል አነስተኛ ቡድን ነበር። ሆኖም ሥራውን ሁሉ ለተቋራጮች አላስረከበም። እ.ኤ.አ. በ2012 የስብስቡን የመረጃ መዝገብ ማንም ሰው ያለ ገደብ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ቀጥሎም ማንኛውም ፕሮግራም ስለ አንድ ዕቃ ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት አንድ የጋራ የመረጃ በር በራሱ ባለሙያዎች አዘጋጀ። ጠረጴዛውን የሚሠራው ድርጅት፣ ብዕሩን የሚሠራውና የኢንተርኔት ገጹን የሚያዘጋጀው በዚያው በር እየገቡ የየድርሻቸውን ይሠሩ ነበር። አንዱ የሌላውን የውስጥ አሠራር ማወቅ፣ ፈቃዱንም መጠየቅ አላስፈለገውም። በርካታ ስብሰባዎች ሊፈቱት የማይችሉትን ነገር አንድ በሚገባ የተጻፈ ስምምነት ፈታው ማለት ይቻላል። ስምምነቱን የጻፈውና የያዘው ደግሞ ሙዚየሙ ራሱ መሆኑ ወሳኝ ነበር።

ያም ሆኖ ሁሉም ነገር በተያዘለት ቀን አልደረሰም። ሙዚየሙ ሲከፈት ብዕሩ ገና ስላልተጠናቀቀ በጎብኚዎች እጅ የገባው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2015 ነው። አመራሩ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት። ወይ ያልበሰለ መሣሪያ ለሕዝብ አቅርቦ የሚመጣውን መቀበል፣ ወይ የተወራለት ነገር ሳይኖር በሩን መክፈት። ሁለተኛውን መረጠ። በምርቃት ቀን ሁሉም ነገር መብራት አለበት የሚለው ጉጉት በየትም አገር ያለ ነውና እንዲህ ያለው ውሳኔ ቀላል አይደለም። የተበላሸ መሣሪያ ይዞ አንድ ጊዜ የተከፋ ጎብኚ ግን መሣሪያው ከተጠገነ በኋላ ተመልሶ መምጣቱ አጠራጣሪ ስለሆነ ውሳኔው ትክክለኛ ነበር ለማለት ያስደፍራል።

በዕቅድ ላይ በቀላሉ የሚዘነጉት ደግሞ በመግቢያው በር ላይ የሚቆሙት ሠራተኞች ናቸው። ብዕሩን ከትኬቱ ጋር የሚያገናኙት፣ አጠቃቀሙን ለአዛውንቱም ለሕፃኑም የሚያስረዱት፣ ሲወጡም የሚረከቡት እነርሱ ናቸው። ንድፍ አውጪው የእነርሱን ቀን ካላወቀ ሰልፉ እስከ ጎዳናው ይደርሳል።

ሴብ ቻን እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ አውስትራሊያ አምርተው ሜልበርን በሚገኘው የተንቀሳቃሽ ምስል ሙዚየም ሥራ ጀመሩ። ሙዚየሙ በ40 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ታድሶ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 ሲከፈት ለጎብኚው የሚሰጠው ሌንስ የተባለ ክብ ካርቶን ሆነ። እንደ ብዕሩ ሁሉ ሌንሱም በየማሳያው ሲነካ ጎብኚው የመረጠውን ይመዘግባል። ነገር ግን አይመለስም፤ ጎብኚው ይዞት ይሄዳል። ተቀብሎ የሚያጸዳ፣ ባትሪውን የሚከታተል ሠራተኛ አያስፈልገውም። በበሩ ላይ የነበረው ሸክም በንድፍ ቀለለ ማለት ነው። ሙዚየሙ የተከፈተው የኮቪድ ወረርሽኝ ባልረገበበት ወቅት በመሆኑ፣ ከእጅ ወደ እጅ የማይተላለፍ ዕቃ መሆኑም ጠቀመው።

በሌላ በኩል በታዝማኒያ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው ሞና የተባለው ሙዚየም የግድግዳ መግለጫዎችን ጨርሶ በማስቀረት ለጎብኚው ኦ የተባለ የእጅ መሣሪያ ሰጥቷል። እንዲህ ያለ ደፋር እርምጃ የተቻለው ሙዚየሙ ዴቪድ ዋልሽ የተባሉ የአንድ ግለሰብ ንብረት በመሆኑ ይመስላል። ውሳኔ ሰጪው አንድ ሲሆን ቅንጅት ቀላል ነው። የመንግሥት ሙዚየም ግን ይህ ዕድል የለውም፤ ኃላፊነቱን በጽሑፍ ማከፋፈል ይኖርበታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ከውጭ በሚገዛ መሣሪያ የማይፈቱ የራሳችን ጉዳዮች አሉ። አንድ ጎብኚ በስክሪን ላይ ስለ ዳግማዊ ምኒልክ መፈለግ ቢፈልግ "አፄ"፣ "ዐፄ"፣ "ዓፄ" ወይም "አጼ" ብሎ ሊጽፍ ይችላል። "ዓድዋ" እና "አድዋ"ም እንዲሁ። ለሰው አንድ የሆነው ቃል ለኮምፒዩተር የተለያየ ነው። ሁሉም አጻጻፍ ወደ አንድ መልስ እንዲያደርስ ሶፍትዌሩ ከመሠራቱ በፊት የቋንቋ ባለሙያው፣ የታሪክ ተመራማሪውና ፕሮግራም ጸሐፊው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አለባቸው። የዘመን አቆጣጠሩም ሌላ ጉዳይ ነው። ሉሲ ወይም ድንቅነሽ የተገኘችው በእኛ በ1967 ዓ.ም፣ በአውሮፓውያኑ በ1974 ነው። ተማሪው አንዱን፣ የውጭ ቱሪስቱ ሌላውን ይጠብቃል፤ መዝገቡ ሁለቱንም አስታርቆ ካልያዘ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ታሪክ ይነገራል። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ሲጨመሩ የትርጉምና የእርማት ሥራው ራሱን የቻለ ኃላፊ ይጠይቃል። ኃይል ሲቋረጥ ስክሪኑ ቢጠፋ ጎብኚው የሚያነበው የታተመ መግለጫ ከሥሩ መኖር አለመኖሩም ከወዲሁ የሚወሰን የንድፍ ጥያቄ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የውሉ ይዘት ሊታሰብበት ይገባል። አቅራቢው ድርጅት መሣሪያውን ተክሎ ከሄደ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ በስክሪኑ ላይ ያለው ቀን የተሳሳተ መሆኑን ቢያሳይ የሚያርመው ማን ነው? የመረጃ ቋቱ ባለቤት ሙዚየሙ ነው ወይስ አቅራቢው? የይለፍ ቃሉስ በማን እጅ ይገኛል? እነዚህ ጥያቄዎች በግዥው ሰነድ ላይ ለመጻፍ ከአንድ ገጽ አይበልጡም፤ መልሱ ካልተጻፈ ግን አንዲት ፊደል ለማስተካከል አዲስ ጨረታ ማውጣት ግድ ይሆናል።