ቢሮ የገባው ረዳት ቤት አልደረሰም

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛው ረዳት እንዲመድብ ያዛል። ሠራተኛው ግን ቢሮው ከመድረሱ በፊት ከአልጋው መውረድ፣ መታጠብ፣ መልበስና ታክሲ መያዝ አለበት፤ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ከሆነ ደግሞ ደረጃውም አለ። የዚያ ሰዓት ረዳት በአብዛኛው እናት ናት፣ እሷ ከሌለች እህት፣ አቅም ላለው ቤት የቤት ሠራተኛ። ሕጉ የጠዋቱን ሥራ ለቤተሰብ ትቶ የቀኑን ብቻ ደነገገ።

ለዚህ አንዱ ምክንያት «ራስን መቻል» ስንል ማንንም አለማስቸገር ማለታችን ይመስለኛል። ሙሉ ጤነኛውም ቢሆን እንጀራ የሚጋግርለት፣ ልብስ የሚያጥብለት አለው፤ ጥገኛ ያለው ግን የለም። ልዩነቱ የሚያዘው ማን ነው የሚለው ላይ ነው። ፖሊዮ አብዛኛውን አካሉን ያሰረበት አሜሪካዊው ኤድ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በ1962 በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ መኝታው የተሰጠው በግቢው ሆስፒታል ነበር። እሱን የመሰሉ ተማሪዎች የጀመሩት ትግል እ.ኤ.አ. በ1972 በዚያው ከተማ ረዳት የሚያገናኝ፣ ቤት የሚያፈላልግ፣ ዊልቸር የሚጠግን ማዕከል ወለደ። ረዳቱን የሚመርጠውም የሚያሰናብተውም ተረጂው ራሱ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ይህንኑ በሕግ መብት አድርጋ የመንግሥት ገንዘብ መድባለታለች።

«እኛ ስዊድን አይደለንም» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 የሚጠይቀው አቅም የፈቀደውን ያህል ነው። ይሁንና ወጪው ዛሬም አለ፤ ወንድሟን ለመንከባከብ ሥራዋን የተወች እህት የምትከፍለው በየትኛውም የበጀት መዝገብ ስለማይሰፍር ብቻ ነው ነፃ የሚመስለን። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ዘመድ እያለ ቅጥረኛ ለምን? የሀበሻ ቤተሰብ የሚያኮራ ነገር አለው፣ አልክድም። ግን የሠላሳ ዓመት ሰው እናቱ እስካጠበችው ድረስ የሚተኛበትን ሰዓትና የሚጠይቀውን ወዳጅ የምትወስነውም እሷው ናት። እሷም ሌሊት የምታሰላስለው «ከእኔ በኋላስ?» የሚለውን ነው።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች ስምምነት አንቀጽ 19 የግል ረዳትን በስም ይጠራል። ጅምሩ ትንሽ ቢሆንም ይሁን፤ በአንድ ወረዳ ጥቂት ሰዎችን አሠልጥኖ ጠዋትና ማታ በሰዓት እየከፈሉ ማሰማራት ይቻላል። ደጅ ዘግቶ የሚሠራ ረዳት ሊበድልም ስለሚችል አቤት የሚባልበት ሰው አብሮ ይሰየም። ማን ይግባ፣ ማን ይሰናበት የሚለውን ግን ወረዳው ሳይሆን ተረጂው ይወስን።