ጠላቱን የሚመርጠው ማነው?

ስለ ልዕለ ጀግና ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ኃይሉን ነው፤ መብረሩን፣ ካባውን፣ በአንድ ቡጢ ግንብ ማፍረሱን። ለእኔ ከኃይሉ ይልቅ ጠላቱ ይበልጣል። ጀግናው ማንን ነው የሚዋጋው? ይህን የሚወስነው ስክሪፕቱን የጻፈውና ያረመው ሰው ነው። ሴት ልጅ በዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ በመጀመሪያ የሚለወጠው የጀግናው ጾታ አይደለም፤ የጠላቱ ማንነት ነው።

በአሜሪካ የኮሚክ ታሪክ ሴቶች ከመጀመሪያውም ነበሩ። ዎንደር ዉመን እ.ኤ.አ. በ1941 ስትወጣ ፈጣሪዋ ዊሊያም ማርስተን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ነበር። ማርስተን ታሞ አልጋ ሲይዝ ብዙ ታሪኮቿን የጻፈችው ወጣቷ ረዳቱ ጆይ ሃመል ናት፤ ስሟ ግን በመጽሐፉ ላይ አልሰፈረም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ጌይል ሲሞን የተባለች ፀጉር ሠሪ የተገደሉ፣ አካላቸው የጎደለ ወይም ኃይላቸውን የተነጠቁ ሴት ገጸ ባሕርያትን ስም ዝርዝር አውጥታ የኮሚክ አንባቢውን አስደነገጠች። የብዙዎቹ መከራ አገልግሎቱ አንድ ነበር፤ ወንዱን ጀግና ማስቆጣት። ሲሞን በኋላ ራሷ ዎንደር ዉመንን ጻፈች።

ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የምትቀርበው ግን ሉዊዝ ሳይመንሰን ናት። በዋረን አሳታሚ ድርጅት የአስፈሪ ታሪክ መጽሔቶችን ስታርም ቆይታ እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ማርቭል ገባች፤ አፍሪካዊቷ ስቶርም ያለችበትን ኤክስ-ሜንን አረመች። ከዚያ እርማቱን ትታ መጻፍ ስትጀምር ያመጣችው ጡንቻማ ጎልማሳ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1984 ከሠዓሊዋ ጁን ብሪግማን ጋር የፈጠረችው ፓወር ፓክ የአራት ወንድምና እህት ሕፃናት ቡድን ነው። በዚያው ዓመት እነዚሁ ልጆች በሕፃናት ላይ ስለሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት በተዘጋጀና በነጻ በታደለ ኮሚክ ላይ ከስፓይደርማን ጋር ቀረቡ። ጠላቱ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ጭራቅ አልነበረም፤ ቤት ውስጥ ያለ፣ ልጆቹ የሚያውቁት ሰው ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ በኮሚክ መጽሐፍ ቀድሞ የሚነሳው ስም የበስራት ደበበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአማርኛና በእንግሊዝኛ ያወጣው «ጀምበር» ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና ይዞልን መጣ፤ ቀጥሎ ሴቷ «ሃዊ» ተከተለች። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም ሴት ጀግና መኖሯና ሴት ጸሐፊና አርታኢ መኖሯ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛውን የምናገኘው በብሩክታዊት ጥጋቡ ሥራ ላይ ነው።

ብሩክታዊት የመጣችው ከኮሚክ ዓለም ሳይሆን ከመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከባለቤቷ ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረተች፤ በ1999 ዓ.ም. «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጀመረ። ፀሐይ ከካልሲ የተሠራች ቀጭኔ አሻንጉሊት ነበረች። ቀረጻው በመኖሪያ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው የተጀመረው፤ የፀሐይ ድምፅም የራሷ የብሩክታዊት ነበር። ይህ በእጅ ባለው ነገር የተሠራ አጀማመር ለእኔ ከሽልማቶቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ሽልማቶቹም ግን ቀላል አይደሉም። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አገኘ፤ እሷም እ.ኤ.አ. በ2010 ከሮሌክስ ወጣት ተሸላሚዎች አንዷ ሆነች።

ለሕፃናት እጅ መታጠብን ስታስተምር የነበረች ሴት በኋላ «ጥበብ ገርልስ»ን ይዛ መጣች፤ በአኒሜሽንና በኮሚክ መጽሐፍ። ፍቅር፣ ትዕግሥትና ፍትሕ የሚባሉ ሦስት ልጃገረዶች በአገር ልብስ ጥለት ያጌጠ የጀግና ልብስ ለብሰው ይነሳሉ። የሚገጥሙት ያለዕድሜ ጋብቻን፣ ሴት ልጅ ከትምህርት ገበታ መቅረቷን፣ የወር አበባን በነውርነት ሸፍኖ የያዘውን ዝምታ ነው። ጠላት መምረጥ ማለት ይህ ነው። የወር አበባን የጀግና ታሪክ ርዕስ ለማድረግ ከሴቶች በቀር ማን ይደፍር ነበር? መልሱን የኮሚክ ታሪክ ራሱ ሰጥቶናል፤ ለአሥርት ዓመታት ከቁም ነገር የቆጠሩት የጀግና ታሪክ ጸሐፊዎች እምብዛም አልነበሩም።

ይህ ጠላት በገሃዱ ኑሮ ምን እንደሚመስል ለማየት አሁን ወደ ደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ክፍል እንውጣ። ከደሴ በጉጉፍቱ ብርድና በአቀስታ አልፎ ቦረና መካነ ሰላም የሚደርስ መንገደኛ ከከተማዋ ዳር የተከራዩ ትንንሽ ክፍሎችን ያያል። በብዙዎቹ ሦስትና አራት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጃገረዶች አብረው ይኖራሉ። ስንቃቸው ከገጠር ቀበሌያቸው የመጣ በሶ፣ ድርቆሽና ሽሮ ነው። ስንቁ አልቆ ሌላ ሊያመጡ ወደ ቤት ሲመለሱ አንዳንዷ ሽማግሌ ተልኮባት፣ ቀን ተቆርጦላት ትደርሳለች። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የጋብቻ ዕድሜ 18 ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ያለዕድሜ ጋብቻን ያስቀጣል። ግን ልጅቷ አባቷን ከሳ የት ታድራለች? ሕጉ ይህን አይመልስም። ታሪክ ግን ቢያንስ ልጅቷ ብቻዋን እንዳልሆነች ይነግራታል፤ እናትየዋም ስታነብ ወይም ሲነበብላት የራሷን የሠርግ ቀን ታስታውሳለች።

እዚህ ላይ ለጥበብ ገርልስ የማነሳው ጥያቄ አለኝ። ጠላቱ ልማድ ሲሆን የልማዱ ጠባቂዎች እናትና አባት ናቸው። ለማስተማር ተብሎ የሚጻፍ ታሪክ ደግሞ በቀላሉ ስብከት ይሆናል፤ ወላጅ ሞኝ፣ ጀግናዋ አዋቂ። ወሎ እንዲህ አይነት ታሪክ አይዋጥለትም። በወሎ ጠብ በአበጋር ሽምግልና ይበርዳል፤ ዱበርቲዎች፣ እነዚያ ቡና አቅርበው የሚመርቁ እናቶች፣ ቃላቸው ይከበራል። አንዲት ዱበርቲ «ልጅቷ ትማር» ብትል ከማንኛውም አስማት የበለጠ ጉልበት አለው። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ እሷን ከጀግናዋ ጎን ያቆማታል፤ የማያውቅ ግን ኋላ ቀር አሮጊት አድርጎ ይስላታል። ስለዚህ የሴት አርታኢን አስፈላጊነት ካመንን፣ የወሎ ሴት አርታኢ አስፈላጊነትንም ማመን አለብን።

ለእሷም የሚሆን ታሪክ ሞልቷል። በ1857 ዓ.ም. ክረምት ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጦ የወሎዋ ገዥ ወይዘሮ ወርቂት እጅ ገባ። በዚያው ጊዜ የወርቂት ልጅ መቅደላ ላይ የቴዎድሮስ እስረኛ ነበር። ልጃቸው ተገደለ፤ ወርቂት የለቀቁት ምኒልክ ሸዋ ገባ። በአንድ ገጽ ላይ አምባውን፣ በሌላው ድንኳን ውስጥ የቆመች እናትን የሚያሳይ ኮሚክ አስቡ። ካባ አያስፈልጋትም። የሚበር ነገር አያስፈልግም። ይህን ታሪክ ያለአግባብ ከቴዎድሮስ ወይም ከምኒልክ ወገን ብቻ ስንሰማው ኖረናል፤ ከእናትየዋ ወገን የሚጽፈው ይመጣ ዘንድ እመኛለሁ።

እንዲህ ያለው ኮሚክ ደግሞ ወረቀት ላይ መሆን አለበት። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሳ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። አኒሜሽን መብራትና ስልክ ይፈልጋል። ኮሚክ ግን ከበሶው ከረጢት ጋር ይታዘላል፤ ከአንዷ ክፍል ወደ ሌላዋ ይዘዋወራል፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋም ይነበባል።

የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው። የሥነ ጽሑፍ መምህራን፣ የአካባቢው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የሥዕል ችሎታ ያላቸው ተማሪዎችም አሉ። ለሴት ተማሪዎች የኮሚክ ጽሕፈትና እርማት ሥልጠና ይከፈት፤ በትንሽ ቁጥር ይታተም፤ ለትምህርት ቤቶች ይታደል። እርማቱንም ለልጃገረዶቹ ስጡ፤ ጠላቱን እነሱ ይምረጡ።