የሕፃን ልቅሶ ሶብር ማጣት አይደለም

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሶላት ላይ ሕፃን ሲያለቅስ ከሰሙ ለእናቱ አዝነው ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። እኛ ግን ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ልጅ «ሶብር አድርግ» ብለነው እናልፋለን። ሶብር መድኃኒትን አይተካም።

የሕፃን ሥቃይ ይለካል። ፍላክ በተባለው መለኪያ ፊቱ፣ እግሩ፣ እንቅስቃሴው፣ ልቅሶውና ሲያባብሉት የሚሰጠው ምላሽ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 2 ነጥብ ይሰጣቸውና ከ10 ይደመራሉ። ቋንቋ አይጠይቅም፤ በሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ ሆስፒታል ኽምጣና ብቻ ለሚናገር ልጅም ያገለግላል። ማስታገሻውም በልጁ ክብደት ተሰልቶ ሰዓቱን ጠብቆ ይሰጣል እንጂ እስኪጮህ አይጠበቅም።

ስለዚህ ሙቀትና የልብ ምት በሚመዘገብበት ካርድ ላይ የሥቃዩ ቁጥርም ይጻፍ። እኛም ሕሙም ልንጠይቅ ስንሄድ ከዱዓችን ጋር «ቀጣዩ ማስታገሻ ስንት ሰዓት ነው?» እንበል።